«የበላይ አካል» እና የሕግ የበላይነት፦ «መጀመሪያ መንግሥትን እንመን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሕዝብ መንግሥቱን ካላመነ ሕግ ብቻውን አገር አያቆምም የሚል መነሻ ያለው አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔም ከሦስት ሰዎች ደርሶኛል፤ ከሦስቱ ሁለቱ «አንብበው፣ እውነቱን ነው» የሚል ቃል ጨምረውበታል። ጽሑፉ በጥንቃቄ የተሰናዳ ነው፤ ስድብ የለበትም፤ ጸሐፊውም የአገራቸው ነገር ከልብ የሚያሳስባቸው ሰው መሆናቸው ከየመስመሩ ያስታውቃል። ስማቸውን የማልጠራው ክርክሬ ከሐሳባቸው ጋር ስለሆነ ነው። ይሁንና በጥብቅና ሥራ ለዓመታት ከፍርድ ቤት ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ የኖረ ሰው ይህን አንብቦ ዝም ቢል በዓይኑ ያየውን እንደ መካድ ስለሚሆንበት ይህን ምላሽ ጽፌአለሁ።

በቅድሚያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ሕዝባችን ሥልጣንን የመፍራት እንጂ ሕግን የማመን ባህል የለውም፤ ስለዚህ ዛሬ በመንግሥት ላይ ያለው አለመተማመን የቆየ ልማዳችን ነው። ቀጥለውም ሥርዓትና ጸጥታ ከሕግ ይቀድማሉ ይላሉ፤ ለዚህ ሲንጋፖርን ምሳሌ ያደርጋሉ። በሦስተኛ ደረጃ ያለማቋረጥ መተቸትና መንግሥትን በየፍርድ ቤቱ ማቆም የቀረችውን እምነት ይሸረሽራል የሚል ሐሳብ አላቸው። አራተኛው ነጥባቸው ፍርድ ቤቶች የተንዛዙና በጉቦ የሚታሙ በመሆናቸው ሽምግልናና ቀልጣፋ የመንግሥት አገልግሎት የተሻለ እምነት ይገነባሉ የሚል ነው። በመጨረሻም ጉቦ ሰጪውም ሕግ ጣሹም ሕዝቡ ራሱ ነው ብለው፣ ዜጋው መጀመሪያ እምነቱን በብድር መልክ ለመንግሥት ይስጥ፣ ሕጉ ተከትሎ ይመጣል ሲሉ ይደመድማሉ።

ከባህሉ ልጀምር። ማስረጃቸው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ነው። ተረቱ መኖሩን አልክድም፤ እንዲያውም የሕግ መልክ ይዞ ታይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2137 ንጉሠ ነገሥቱ በኃላፊነት እንደማይጠየቁ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ተረት በማስረጃነት ከቀረበ መዝገቡ ሙሉውን መከፈት አለበት። ያው ሕዝብ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ብሏል። በቅሎ የሰውዬው ክብርና ሀብት ናት፤ ጭብጦ ለመንገድ የሚያዝ ቁራሽ ናት። ዳኛ ሰምቶት በቅሎውን ቢያጣ ይችለዋል፤ ማንም ሳይሰማው ቁራሹን ቢነጠቅ ግን አይወጣለትም። የሕግ ትምህርት ቤት መምህራን ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም የሚለውን መርሕ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይጽፋሉ፤ ገበሬው በአንድ መስመር ጨርሶታል።

«በሕግ አምላክ» የሚለውም ቃል አለ። ይህ ቃል የተጠራበት ሰው ባለበት እንዲቆም ይገደድ ነበር። ሁለት ተሟጋቾች የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ ጠባቂ ሳይኖራቸው፣ በእግራቸው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ዳኛ በቅርብ ከሌለ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው «ፍረድ» ብለው ዛፍ ሥር ያስቀምጡታል። ሕግን የማያምን ሕዝብ ለማያውቀው መንገደኛ ዳኝነት አይሰጥም። ነገሩ የአንድ አካባቢ ብቻም አይደለም፤ በገዳ ሥርዓት አባ ገዳው ሥልጣኑን በስምንት ዓመት ያስረክባል፣ ከወግ ከወጣም ዘመኑ ሳይሞላ በጉባኤ ሊነቀል ይችላል፤ በቦረና ለዚህ ድርጊት «ቡቂሱ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ንጉሥ አይከሰስ የሚለው አነጋገርም ለእኔ ምክር ሆኖ አይሰማኝም፤ ከችሎት ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ምሬት ይመስለኛል። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ንጉሡን ከተጠያቂነት ነፃ ባወጣበት ምዕራፍ ውስጥ፣ በአንቀጽ 2126፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ በፈጸመው ጥፋት መንግሥት እንዲጠየቅ በር ከፍቶ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ሕዝቡ ሕግን ለምን አያምንም የሚል ከሆነ፣ መልሱን ከአያቶቻችን ዘንድ አናገኘውም፤ ቀረብ ካለ ቦታ መፈለግ አለብን።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስሻገር ረዘም ላደርገው እገደዳለሁ፤ የጽሑፉ ምሰሶ እዚህ ላይ ስለቆመ ነው። ጸሐፊው «ሕግ ማስከበር» እና «የሕግ የበላይነት» የሚሉትን ቃላት እንደ አንድ ቃል እያፈራረቁ ተጠቅመውባቸዋል። ልዩነታቸው የቃላት ስንጠቃ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሕግ ማስከበር መንግሥት በዜጋው ላይ የሚፈጽመው ተግባር ነው፤ የሕግ የበላይነት ግን ያንኑ ሕግ መንግሥት በራሱም ላይ መሸከሙ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተጀመረው ጦርነት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመንግሥት በኩል «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ተብሎ ይጠራ እንደነበር ማስታወስ፣ የመጀመሪያው ቃል ምን ያህል ሊለጠጥ እንደሚችል ለማሳየት ይበቃል።

ልዩነቱን በቅርብ ካየሁት ነገር ላስረዳ። ቦታውንና ሰዎቹን አልጠቅስም። የአንድ ወጣት ጉዳይ ነው፤ የታክሲ ረዳት ነበር። ዓርብ ጠዋት ፍርድ ቤቱ በአምስት ሺህ ብር ዋስ እንዲለቀቅ አዘዘ። እናቱ ገንዘቡን አስያዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ መዝገብ ቤት ተሰልፈን ትዕዛዙን በማኅተም አወጣን፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጣቢያው ደረስን። እናቱ በአንድ እጃቸው ምሳ ዕቃ፣ በሌላው የልጃቸውን ጃኬት በፔስታል ይዘዋል፤ ማታ ቤቱ ሲሄድ እንዳይበርደው ብለው ነው። ተረኛው መኮንን ትዕዛዙን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ማኅተሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። «ትክክለኛ ትዕዛዝ ነው» አለን። ቀጥሎም «ግን ከበላይ አካል አልተነገረኝም» አለ። የበላይ አካል የሚለው ማንን እንደሆነ ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ በዓይኑ ወደ ጣሪያው አመለከተኝ። ሕንፃው ፎቅ አልነበረውም።

እናቱ «ልጄ፣ ታዲያ ዳኛዋ ምንድን ናት?» አሉት። መኮንኑ ባለጌ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ እኔ ዛሬ ብፈታው ሰኞ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አላቸው። ልጁ የተፈታው ማክሰኞ ነው፤ ጃኬቱ ግን ዓርብ ማታ ገብቶለታል።

የዚያን መኮንን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ሰውን ይዞ የሚያቆይ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ እንደሚችል ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በዚያው አንቀጽ የዋስትና መብት ተቀምጧል። መኮንኑ እነዚህን ድንጋጌዎች ያውቃቸዋል፤ ሥልጠና ወስዷል። ነገር ግን ሕጉን በመጣሱ የተጠየቀ ባልደረባ አይቶ አያውቅም። ሕጉን በማክበሩ የተጠየቀ ግን አይቷል። ጸሐፊው «እምነት» የሚሉት ነገር በዚህ ሰው ልብ ውስጥ የለም ማለት አይቻልም፤ እምነቱ ያረፈው ግን ጣሪያው ላይ ባለው አካል ላይ ነው። በቢሮ ቋንቋችን «የበላይ አካል» የሚለው ሐረግ ሕግ ሊቀመጥበት የሚገባውን ወንበር ይዞታል።

ይህ የአንድ ጣቢያ ገጠመኝ ነው እንዳይባል በይፋ የሚታወቀውን ላንሣ። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ተይዘው በነበረ ጊዜ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ተለቀቁ፣ ወዲያውም ተመልሰው ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግ በምክር ቤቱ ጸደቀ። በዚያ ዕለት ከችሎቱ የወጣው ትምህርት ለማንም ግልጽ ነበር። ያ ትምህርት ዛሬም አልተረሳም፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባለፉት ዓመታት ፍርድ ቤት በዋስ እንዲለቀቁ ካዘዘ በኋላ በእስር ስለቆዩ ሰዎች በተደጋጋሚ ሪፖርት አውጥቷል። አቶ ስዬ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የአገሪቱን ጦር ይመሩ ከነበሩ ሰዎች አንዱ መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው የሕግ የበላይነትን ለሌላው ሲል የሚሰጠው ችሮታ አድርጎ ሊያየው አይገባም።

ሥርዓት ይቅደም የሚለው መከራከሪያ እውነትነት ያለው ክፍል አለው፤ ይህን እቀበላለሁ። መንገድ ተዘግቶ፣ ተሳፋሪ እየታገተ፣ ምስክር ከቀበሌው መውጣት እየፈራ ችሎት አይሠራም። ነገር ግን አገራችን ይህን መድኃኒት ሞክራዋለች። ከ2009 እስከ 2016 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በመላ አገሪቱ ወይም በተወሰኑ አካባቢዎች በተደጋጋሚ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፦ በ2009፣ በ2010፣ በ2012 ለወረርሽኙ፣ በ2013 በትግራይ፣ በ2014 እና ከዚያም በ2015 መጨረሻ ከአማራ ክልል ሁኔታ ጋር ተያይዞ። ሥርዓት ከሕግ ቀድሞ እምነትን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ዓመታት ማብቂያ በመንግሥት ላይ ያለን እምነት ከጎረቤቶቻችን ሁሉ መብለጥ ነበረበት። ጸሐፊው ራሳቸው ጽሑፋቸውን የጀመሩት እምነቱ እንደጠፋ በማዘን ነው።

ሲንጋፖርን በተመለከተ ምሳሌው ራሱ ለእኔ ይመሰክራል። የአገሪቱ የሙስና ምርመራ ቢሮ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ አገሪቱ ነፃ መንግሥት ከመሆኗ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ነፃ ከወጣችም በኋላ፣ በኋለኞቹ ዓመታት እየተገደበ ቢመጣም፣ የመጨረሻው ይግባኝ እስከ 1994 ድረስ ለንደን ወደሚገኘው የንጉሣዊ ምክር ቤት የዳኝነት ኮሚቴ ይሄድ ነበር። በ1986 የብሔራዊ ልማት ሚኒስትሩ ቴ ቺያንግ ዋን በሙስና ተመርምረዋል፤ በ2024 የቀድሞው የትራንስፖርት ሚኒስትር ኢስዋራን የ12 ወር እስራት ተፈርዶባቸዋል። ሲንጋፖር በፕሬስና በተቃውሞ ላይ ጥብቅ አገር መሆኗን አውቃለሁ፤ በዚያ በኩል እንድንከተላት አልመኝም። ነገር ግን ጸሐፊው የሚያደንቁት እምነት የመጣው ባለሀብቱም ሚኒስትሩም የሚፈሩት መርማሪና ዳኛ ከመጀመሪያው ስለነበረ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ መተቸትና መክሰስ እምነትን ይሸረሽራል የሚለው ነው። በፌስቡክና በቲክቶክ የሚፈበረክ ወሬ፣ ሳይጣራ የሚለጠፍ የሰው ስም፣ ከአውዱ የተቆረጠ ቪዲዮ ጉዳት እንደሚያደርስ አምናለሁ፤ ጸሐፊው በዚህ ያቀረቡት ትዝብት ትክክል ነው። ችግሩ ይህን ከሕጋዊ ክስና ከተቋማዊ ቁጥጥር ጋር አንድ ላይ ማሰራቸው ነው።

በጎረቤታችን ኬንያ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2017 ሥልጣን ላይ ያሉት ፕሬዚዳንት ያሸነፉበትን ምርጫ ሰረዘ። ፕሬዚዳንቱ በዳኞቹ ላይ የተናገሩት ክፉ ቃል ነበረ፤ ያም ሆኖ በውሳኔው ባይስማሙም እንደሚያከብሩት ተናግረው ምርጫው ተደገመ። የድጋሚው ምርጫ ንጹሕ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ተቃዋሚው ወገን አልተሳተፈበትም። በማላዊ ደግሞ በ2020 የካቲት ወር መባቻ ዳኞች ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሰው፣ በጦር ሠራዊቱ ታጅበው ችሎት ገቡ፤ የ2019ኙን የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰረዙ። በሰኔ በተደገመው ምርጫ ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ አሸንፈው ሥልጣን ተረከቡ። በጸሐፊው ሒሳብ ከተሄደ መንግሥትን ፍርድ ቤት ማቆም አገሪቱን ሊያፈርሳት ይገባ ነበር። ማላዊ አልፈረሰችም። ለወራት አደባባይ ወጥቶ የነበረው ሕዝብ ወደ ምርጫ ጣቢያ ተመለሰ፤ ጠመንጃ የያዘው ሠራዊትም ዳኛ አጅቦ ዋለ። በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የእምነት ምልክት አላውቅም።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ሪፖርት ከባድ ትችት ነው፤ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ከደንብ ውጭ የተፈጸመ ግዥ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ በየመሥሪያ ቤቱ ስም ይነበባል። በዚህ ምክንያት ሰው ኦዲተሩን ጠልቶ አያውቅም። በታክሲም በካፌም የሚሰማው ቅሬታ ሌላ ነው፤ ይህ ሁሉ ተነብቦ ማን ተጠየቀ የሚል ነው። እምነትን ያስመለጠው ሪፖርቱ ሳይሆን ከሪፖርቱ በኋላ ያለው ዝምታ ነው።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቶቹ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዙ እውነት ተናግረዋል፤ ለሙያዬ ስል አልሸፋፍነውም። ቀጠሮ ይንዛዛል፤ መዝገብ ይጠፋል፤ ዳኛ ተቀይሯል እየተባለ ክርክር እንደገና ይሰማል፤ በጉቦ የሚታማ ችሎት አለ፤ ሐሜቱም ሁሉ ሐሜት ብቻ አይደለም። የተሠራ ነገርም አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የወጡት የፌዴራል ፍርድ ቤቶችና የዳኝነት አስተዳደር አዋጆች ለፍርድ ቤቱ ነፃነት ከቀድሞው የተሻለ መሠረት ጥለዋል። ከዚያ በፊትም የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ወጥቶ ዜጋው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰጠበትን ውሳኔ ፍርድ ቤት እንዲመረምርለት የሚጠይቅበት ጥርት ያለ መንገድ ከፍቷል። ደንበኞቼ ስለዚህ አዋጅ ስነግራቸው አብዛኞቹ ሰምተውት አያውቁም፤ ከሰሙም በኋላ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ባሸንፍስ፣ ያስፈጽሙልኛል?» የዘገየ ፍርድ ቤት ዳኛ በመጨመር፣ መዝገብ በኮምፒዩተር በመያዝ ይፈጥናል። ትዕዛዙ የማይፈጸም ፍርድ ቤት ግን ምን ያህል ቢፈጥን የወረቀት ማተሚያ ነው የሚሆነው። ጸሐፊው ፍርድ ቤቱ ደካማ ስለሆነ እንለፈው ይላሉ፤ የደከመው አንዱ ምክንያት ሲታለፍ ስለኖረ መሆኑን ግን አላነሡም።

ሽምግልናን እወዳለሁ። የባልና ሚስት ጠብ፣ የድንበር ክርክር፣ የደም ካሣ በሽማግሌ ሲያልቅ የማይቀረውን ቂም ይቀንሳል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ግን ሽምግልና የሚሠራው ሁለቱም ወገን ከይሉኝታ በታች ሲሆን ነው። በአንዲት ባሏ በሞተባት ሴትና በወረዳ ጽሕፈት ቤት መካከል ሽማግሌ የሚይዘው ምን አለ? ወረዳው በማኅበር አይገናኛትም፣ ልጁን ለልጇ አይድርላትም፣ ሰው ምን ይለኛል አይልም።

ለዚህም ከቅርብ ታሪካችን ጠንካራ ምስክር አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታስረው የተፈረደባቸው የቅንጅት መሪዎች በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በሽማግሌዎች አማካይነት በይቅርታ ተፈቱ። ሽማግሌዎቹ ለሠሩት ሥራ አክብሮት አለኝ፤ የሰው ልጅ ከእስር ወጥቷል። ከተፈቱት አንዷ በ1993 ያንን የዋስትና ትዕዛዝ የሰጡት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ፤ ያኔ ዳኝነቱን ትተው ወደ ፖለቲካ ገብተዋል። በታኅሣሥ 2001 ስለ ይቅርታው አሰጣጥ በተናገሩት ምክንያት ይቅርታው ተነሥቶ፣ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ጸንቶባቸው ተመልሰው ታሰሩ፤ የወጡትም በ2003 መጀመሪያ ነው። ሽማግሌ ያስፈታውን የበላይ አካል መልሶ ሲያስረው ሽማግሌው የሚያቀርበው ይግባኝ የለም። እኚሁ ሴት በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሹመዋል፤ አገራችን አንዳንዴ ለታሪክ ጸሐፊዎቿ ሥራ ታቀላለች።

ቀልጣፋ አገልግሎት ስለሚባለው ብዙ አልልም። መታወቂያ ለማደስ ሦስት ቀን ይመላለስ የነበረ ሰው በመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአንድ ጠዋት ጨርሶ ሲወጣ ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ይህ ግን በመስኮቱ የሚያስተናግደውን ሰው ማመን ነው። ያው መሥሪያ ቤት ነገ ቤቴ እንዲፈርስ ቢወስን፣ ውሳኔውን ለማን አቤት እንደምል የሚነግረኝ መስኮት አሁንም ፍርድ ቤት ነው።

ሕዝቡ ራሱ ሕግ ጣሽ ነው የሚለው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀይመኝ ቢሆንም ከፊሉን ልቀበለው። ጉቦ የሚሰጥ እጅ ከሌለ የሚቀበል እጅ ባዶ ይቀራል፤ «ጉዳዩን በአጭሩ ጨርስልኝ» ብለው ወደ እኔም የመጡ ሰዎች አሉ። ጸሐፊው ግን ማስረጃ አድርገው የጠቀሱት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረው ብልሽት ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ ያወጡበትን ሌሊት ነው። ያወጡት አጥፍተዋል። ሆኖም ታሪኩን ግማሽ ላይ አቁመውታል። ከወጣው ገንዘብ አብዛኛው መመለሱን ባንኩ ራሱ ገልጿል፤ በየዩኒቨርሲቲው የነበሩ ተማሪዎች ሳይቀሩ መልሰዋል። ያልመለሱትን ሰዎች በተመለከተ ደግሞ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሳይላቸው ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በየቅርንጫፉ ተለጠፈ። ከሁለቱ ወገን ሕግን በትዕግሥት የጠበቀው የትኛው እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

እምነትን በብድር እንስጥ ለሚለው መደምደሚያም የምለው አለኝ። ዜጋው ብድሩን ቀድሞ ሰጥቷል። ደመወዙ እጁ ሳይገባ ግብሩ ይቆረጣል፤ ፖሊስ ሲጠራው በእግሩ ይሄዳል፤ የዋስትና ገንዘብ አስይዞ ደረሰኝ ይቀበላል። ያቺ እናት ዓርብ ዕለት አምስት ሺህ ብር ያስያዙት የመንግሥትን ቃል አምነው ነው። ብሩን ከዕድርተኞቻቸው ነበር የተበደሩት።

ጸሐፊው ተቺዎች የሚሠራ ሐሳብ አያቀርቡም ሲሉም ወቅሰዋል፤ ስለዚህ አንድ ላቅርብ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየሦስት ወሩ አንድ ዝርዝር ያውጣ፦ የትኛው መሥሪያ ቤት ስንት የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ደረሰው፣ ስንቱን በስንት ቀን ፈጸመ፣ ያልፈጸመው የትኛውን ነው። የሰው ስም አያስፈልገውም፤ የመዝገብ ቁጥርና የመሥሪያ ቤቱ ስም ይበቃል። ዝርዝሩ የኦዲተሩ ሪፖርት እንደሚነበበው ሁሉ በምክር ቤቱ ይነበብ፤ ትዕዛዝ ያልፈጸመው መሥሪያ ቤት ኃላፊም ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳ። ለዚህ አዲስ ተቋም ማቋቋም አያስፈልግም፤ መረጃው በየመዝገብ ቤቱ አለ። ተረኛው መኮንንም በሚቀጥለው ዓርብ ከስምንት ሰዓት በኋላ ማኅተም ያለበት ትዕዛዝ ሲደርሰው፣ ባለመፍታቱ የሚጠይቀው ሰው መኖሩን አውቆ ቁልፉን ያነሣል።